የአባዬ ማርቼዲስ ሰዓት፦ የጥገና ማስታወሻ

ቅዳሜ ኅዳር 6

በቃ ዛሬ ጀመርኩት። መኪናዋ የአባዬ መርሴዲስ 200 ዲ ናት፣ ደብልዩ 115 የሚሉት ሞዴል፣ በፈረንጅ 1972 የተሠራች፣ 1988 ሲሲ የናፍጣ ሞተር ያላት፣ 55 ፈረስ ጉልበት። አባዬ የሞዴል ቁጥር ምናምን አያውቅም፣ ለሱ እስከ ዛሬ "ማርቼዲሷ" ናት። ይሄ ሞዴል ከ1968 እስከ 1976 ነው የተመረተው፣ ደብልዩ 114 ከሚባለው ወንድሙ ጋር ተደምሮ ወደ 1.9 ሚሊዮን መኪና ወጥቷል ስለዚህ በዓለም ላይ ብርቅ የሚባል አይደለም፣ እኛ ቤት ግን ብርቅ ናት።

ከመሪው ጀርባ ሦስት ክብ ነገር አለ፣ በግራ የነዳጅ የሙቀትና የዘይት ግፊት ጌጆች፣ መሃል ፍጥነት፣ በቀኝ ደሞ ሰዓት። ሰዓቱ ኪንዝለ ነው፣ ጀርመን ጥቁር ደን የሚባለው አካባቢ ሽቬኒንገን ከተማ የነበረ ሰዓት ፋብሪካ ሥራ። ቆሞ ያለው ከ2012 ጀምሮ ነው፣ ኮሮና ጊዜ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ወራት ስትቆም፣ 8 ሰዓት ከ20 ላይ። በአበሻ ማለቴ ነው። አባዬ ይሄን ሰዓት አንድም ቀን በፈረንጅ ሞልቶት አያውቅም፣ ትንሹ ቆጣሪ 12 ላይ ከሆነ ወይ ነግቷል ወይ መሽቷል በቃ።

ልጅ ሆኜ ከደሴ ስንመለስ ማታ ግቢ ገብተን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ፣ እናቴ ዕቃ እያወረደች እኔ ኋላ ወንበር ላይ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኜ፣ ከፊት ለፊት "ጠቅ!" የሚል ድምፅ እሰማ ነበር፣ ቆይቶ እንደገና "ጠቅ!"። ምንድነው ስለው "መኪናዋ ስትተነፍስ ነው" ይለኝ ነበር። ያንን ድምፅ ነው የምፈልገው፣ ሰዓት ለማወቅማ ስልክ አለ።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ (ይሄ ሳይደረግ ከዳሽቦርድ ጀርባ እጅ አይገባም፣ የሰዓቱ ሽቦ ቁልፍ ባይዞርም ሁሌ ኤሌትሪክ አለው)። ከዛ የኪሎሜትሩን ገመድ ፈታሁ፣ የዘይት ግፊቱን ቀጭን ቱቦ ደሞ በጣም በጣም ቀስ ብዬ፣ ምክንያቱም ውስጡ እውነተኛ የሞተር ዘይት ነው ያለው፣ ጨርቅ ከሥር አነጠፍኩ። ሰዓቱ ጀርባ ላይ አንድ የፖዘቲቭ ሽቦ፣ አንድ ቡናማ የመሬት ሽቦና የመብራቷ አምፖል አሉ። ነቅዬ ሳወጣው አቧራው! ከ50 ዓመት በላይ የተጠራቀመ የመንገድ አቧራ።

ባትሪውን መልሼ ነክቼ በቴስተር ሽቦውን ለካሁት፣ 12.4 ቮልት አነበበ። ስለዚህ ሽቦውም ፊውዙም ደህና ነው፣ ችግሩ ሰዓቱ ውስጥ ነው።

እሁድ ኅዳር 7

ከቤተክርስቲያን መልስ ከፈትኩት። ቆጣሪዎቹን ለማውጣት ሁለት የሻይ ማንኪያ ነው የተጠቀምኩት፣ ፊቱ እንዳይጫር ፌስታል ቀድጄ አለበስኩትና ማንኪያዎቹን በግራና በቀኝ ከቆጣሪው ሥር አስገብቼ ሁለቱንም እኩል ስጫን ብድግ ብለው ወጡ። በፒንሳ መጎተት የለበትም፣ ቆጣሪዎቹ ቀጫጭን ናቸው ይታጠፋሉ፣ ነጭ ቀለማቸውም ይረግፋል።

አሁን ይሄ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ ምክንያቱም እኔ ራሴ እስከ ዛሬ ሞተር ያለው ይመስለኝ ነበር። ሞተር የለውም። ውስጡ ያለው እንደ ማንኛውም የእጅ ሰዓት በሞላ የሚሄድ ማሽን ነው፣ ባላንስ (ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ትንሽ ጎማ) አለው፣ ፀጉር የምታክል ስፕሪንግ አለችው፣ ቲክ ቲክ ይላል። ልዩነቱ ሞላው በጣም አጭር መሆኑ ነው፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚያስኬደው። ሞላው እየላላ ሲመጣ አንድ ክንድ ቀስ እያለች ትዞርና ኮንታክት ትነካለች፣ ልክ የቤንዚን መኪና ፑንቲና ማለት ነው፣ ስትነካ ኤሌትሪክ ኮይሉ (የተጠመጠመው ሽቦ) ውስጥ ይገባና ማግኔት ይሆናል፣ ማግኔቱ ክንዷን በኃይል ወርውሮ ይመልሳታል፣ በመመለሷ ሞላው እንደገና ተጠመጠመ፣ ኮንታክቱም ተለያየ፣ ኤሌትሪኩ ተቋረጠ። ያ "ጠቅ" የሚለው ድምፅ ይሄ ነው። ኤሌትሪክ የሚበላው ለዓይን እርግብግቢት ያህል ብቻ ነው፣ የቀረውን ጊዜ በራሱ ነው የሚሄደው።

እንግዲህ ባትሪ ቀስ እያለ የደከመ ጊዜ አስቡት። ኮንታክቱ ነካ፣ ኤሌትሪክ ገባ፣ ግን ማግኔቱ ክንዷን ለመወርወር አቅም አጣ። ክንዷ እዛው ቀረች፣ ኮንታክቱም እንደተነካካ ቀረ፣ ኮይሉ ውስጥ ኤሌትሪክ ያለማቋረጥ ይፈሳል፣ ይግላል። ጀርመኖቹ ይሄን አስበውበታል፣ የኤሌትሪኩ መንገድ ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ በሊድ (ሲግል በሚቀልጠው መበየጃ) አጣብቀዋል፣ ምላሷ በተፈጥሮዋ ወደ ላይ መነሳት ነው የምትፈልገው፣ ሊዱ ነው የያዛት። ኮይሉ ሲግል ሊዱ ይቀልጣል፣ ምላሷ ተፈናጥራ ትነሳለች፣ ኤሌትሪክ ይቋረጣል፣ ኮይሉ ይተርፋል። ሰዓቱ ይቆማል ግን አይቃጠልም።

እና ገልብጬ በማጉያ ሳይ ምላሷ ተነስታ ቆማለች! ስድስት ዓመት እንደዛው። ደስ ያለኝ ደስታ! አባዬ ጋ ሮጬ ሄጄ አሳየሁት፣ መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየውና "ታዲያ ይቺን ነው ሁሉም አይሠራም ሲሉኝ የነበረው?" አለ። ኮይሉን በቴስተር ለካሁት፣ 4 ኦም ገደማ፣ አልተቃጠለም።

ግን አንድ ነገር ቅር አሰኘኝ። ባላንሱን በስቴኪኒ ጫፍ ነካ ሳደርገው አንዴ ሁለቴ ተወዛውዞ ቆመ። በነጻነት መወዛወዝ ነበረበት። ዘይቱ ደርቋል ማለት ነው።

ማክሰኞ ኅዳር 9

ከሥራ መልስ በደንብ አየሁት። ከዚህ በፊት ሰው ነክቶታል። አባዬን ስጠይቀው አዎ ድሮ አንድ ቦታ ወስዶት ነበር፣ መቼ እንደሆነ አያስታውስም። ማንም ይሁን፣ የሞተር ዘይት ነው የጨመረበት ብዬ ነው የማምነው፣ ጊሮቹ ሁሉ ላይ ቡናማ ማር የመሰለ ነገር ተጋግሯል፣ አቧራው ደሞ እሱ ላይ ተለጥፎ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኗል። አንዷ የዘንግ ጫፍ ዙሪያ ጥቁር ዱቄት አለ፣ ይሄ ነሐሱ እየተበላ ነው ማለት ነው። በጣም ነው ያዘንኩት ምክንያቱም ሰዓት ላይ ዘይት መጨመር ደግ ሥራ ይመስላል፣ ሰውየውም ለበጎ አስቦ ይሆናል፣ ግን ዘይት በበዛ ቁጥር ሰዓቱ ይጎዳል።

ምላሷን ብቻ በይጄ ብመልሰው ይሠራ ነበር፣ አውቃለሁ፣ ምናልባት አንድ ሳምንት። ከዛ ባላንሱ እየደከመ ይቆማል፣ ወይም ክንዷ ኮንታክቱ ጋ ስትደርስ በደንብ ሳትነካ ተንጠልጥላ ትቀርና እንደገና ምላሷ ትፈናጠራለች። ስለዚህ መታጠብ አለበት፣ አቋራጭ የለም።

ኳርትዝ ግጠሚበት ያለኝ ጓደኛዬም አለ፣ ብዙ ሰው እንደዛ ያደርጋል፣ የውስጡን አውጥቶ በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማሽን ከቆጣሪዎቹ ጀርባ ይገጥማል። በትክክለኛነት ካየነው ኳርትዝ ያሸንፋል። ግን "ጠቅ" አይልም። አልፈልግም።

ሐሙስ ኅዳር 11

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሰዓቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ድሮ ፒያሳ ይሠሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ጋ ሄድኩ። አሁን ሌላ ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ናቸው፣ ግማሹ የስልክ ካቨር መሸጫ ነው፣ እሳቸው በር ላይ ባለችው የመስታወት ሳጥን ጀርባ። ማጉያዋ ዓይናቸው ላይ እንደተሰካች ቀና ብለው አዩኝ።

"ጋሼ የመኪና ሰዓት ይሠራሉ?"

"የቱ መኪና?"

"መርሴዲስ፣ የድሮ።"

ምንም ሳይሉ እጃቸውን ዘረጉ። ጨርቁን ፈትተው ትንሽ ካዩት በኋላ "ኪንዝለ" አሉ፣ ጽሑፉን ሳያነቡ። ድሮ የመርሴዲስ ሰዓት ይመጣላቸው እንደነበር ነገሩኝ፣ ክረምት ሲወጣ ይበዛ ነበር አሉ፣ ክረምት ቆሞ የከረመ መኪና ባትሪው ሞቶ። ስለዚህ ነገሩ ድሮም ይታወቃል ማለት ነው።

ይሥሩልኝ አላልኳቸውም፣ ራሴ መሥራት እንደምፈልግና ዘይት ብቻ ካላቸው እንዲሸጡልኝ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። "ልጄ፣ ያንቺ ነው መኪናው?" አሉ። የአባቴ ነው ስላቸው ከመሳቢያቸው አንዲት ጥፍር የምታክል ጠርሙስ አወጡ፣ ሞቢየስ የሚባለው የስዊስ የሰዓት ዘይት፣ ግማሽ ላይ የደረሰ። ከሱ ወደ ባዶ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ሦስት አራት ጠብታ ብቻ ቀዱልኝ። ለሙሉ ሰዓቱ ይበቃሻል፣ ይተርፍሻልም አሉኝ።

ከዛ ቁጭ አድርገው አስተማሩኝ፣ ደንበኛ ሲመጣ እያቋረጡ፣ አንድ ሰዓት የሚሆን። የነገሩኝን እንዳልረሳው መንገድ ላይ ታክሲ ውስጥ ስልኬ ላይ ጻፍኩት፦ የዘንጎቹ ጫፍ ነሐሱ ውስጥ በሚገቡበት ቦታ ዙሪያ ትንሽ ጎድጓዳ ነገር አለ፣ ዘይቱ የሚቀመጠው እዛ ነው። ጎድጓዳው ሞልቶ ከፈሰሰ ዘይቱ በብረቱ ፊት ላይ ይሄድና ሁሉንም ይዞት ይወጣል፣ ጫፉ መልሶ ይደርቃል። "የበዛበት ሰዓት ካልተቀባው እኩል ደረቅ ነው" አሉኝ። የጊሮቹ ጥርስ ላይ ዘይት አይደረግም። ፀጉሯ ስፕሪንግ ላይ በፍጹም፣ ጠብታ ከነካት ክቦቿ ይጣበቁና ሰዓቱ እንደ እብድ ይፈጥናል። ኮንታክቱ ላይም በፍጹም፣ ብልጭታው ዘይቱን አቃጥሎ ከሰል ያደርገዋል። ያ በቆርቆሮ የሚሸጠው ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ሰዓት አጠገብ አይደርስም፣ ዛሬ ያላቅቃል፣ ሲደርቅ ሙጫ ይሆናል።

ገንዘብ ስሰጣቸው የዘይቱን አልተቀበሉም፣ ለጊዜያቸውም እምቢ አሉ። ሲሠራ አምጥተሽ አሳዪኝ ብቻ አሉኝ።

ዓርብ ኅዳር 12

ዛሬ ምንም አልነካሁም። ኅዳር ሲታጠን ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ከየቤቱ ቆሻሻ አውጥቶ ያቃጥላል፣ ጭሱ መስኮት ዘግተንም ይገባል። እናቴ በ1911 የኅዳር በሽታ ከአያቷ ቤት ስንት ሰው እንደሞተ በየዓመቱ እንደምትነግረን ዘንድሮም ነገረችን። እኔ ሰዓቱን በትልቅ ብርጭቆ ሳህን ከድኜ፣ ጫፍ ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ዘግቼ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። የተከፈተ ሰዓት ላይ አመድ ማለት!

ቅዳሜ ኅዳር 13

ማጠብና መቀባት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ፈጀብኝ፣ ምሳ ላይ ብቻ ነው የተነሳሁት።

ነጭ አንሶላ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩ (ብሎን ሲወድቅ እንዲታይ)፣ ስልኬን በየደረጃው ፎቶ አነሳሁበት። ባላንሱን ከነድልድዩ መጀመሪያ አወጣሁ፣ በወረንጦ፣ ትንፋሼን ይዤ። እሱን ለብቻው በሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩት። ክንዷንና ሞላውን አልፈታኋቸውም፣ ሞላው ተፈናጥሮ ቢጠፋ ምትክ የለም። የቀረውን ለላይተር በሚሞላው ቤንዚን በለስላሳ ብሩሽ አጠብኩት፣ መስኮት ከፍቼ፣ ምድጃ አጥፍቼ። የመጀመሪያው እጣቢ ቡና መሰለ። ሁለተኛው ሻይ። አራተኛው ላይ ነው ንጹሕ የሆነው።

ብሩሽ ግን ቀዳዳ ውስጥ አይገባም። ለሱ ስቴኪኒ በምላጭ እንደ መርፌ አሹዬ በየቀዳዳው አስገብቼ በጣቶቼ መሃል አሽከረከርኩ፣ ጫፉ ጠቁሮ ይወጣል፣ እሰብረዋለሁ፣ እንደገና አሹላለሁ፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። አንድ ፓኮ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ጥቁር ዱቄት የነበረባት ዘንግ በማጉያ ስትታይ ጫፏ ላይ ትንሽ ቀለበት የመሰለ መበላት አላት፣ ቀዳዳውም በአንድ በኩል ሰፋ ብሏል፣ ብዙ አይደለም። በትክክለኛው መንገድ ከሆነ አዲስ ቀለበት ይቀበርበታል፣ እኔ ያንን መሥሪያ የለኝም፣ እንዳለ ተውኩት። መዝግቤ ያዝኩት ግን፣ ወደፊት ሰዓቱ ቢቆም መጀመሪያ የማየው እዛ ነው።

ኮንታክቶቹ። ሁለቱም ፊታቸው ጠቁሯል፣ አንዷ ላይ ትንሽ ጉድጓድ፣ ሌላዋ ላይ ትንሽ ጉብታ አለ። 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀጭን አድርጌ ቆርጬ በመሃላቸው አስገብቼ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ሳብ አደረግኩ፣ ከዛ በአልኮል በተነከረ ነጭ ወረቀት ወረቀቱ ጥቁር መያዝ እስኪያቆም። ጉብታው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ እስኪጠፋ ብሞርደው ኮንታክቱ የተሠራበት ብር ያልቃል።

ከሰዓት በኋላ ደርቆ ሲያልቅ ዘይት። መርፌ እስክሪብቶ ቀፎ ላይ ሰክቼ፣ ጫፏን ዘይቱ ውስጥ ነክሬ ሳወጣት የምትይዘው ነገር በዓይን አይታይም፣ ጎድጓዳው ጋ ስነካት ግን ዘይቱ ራሱ ዘንጉን ተከትሎ ሲገባ በማጉያ ይታያል፣ አንዲት የምታበራ ቀለበት ትሆናለች። ከዚህ ሥራ ሁሉ ይሄን ነው የወደድኩት። ሦስተኛዋ ዘንግ ላይ በዛብኝና ጎድጓዳው ሞልቶ ፈሰሰ፣ አጥቤ አድርቄ እንደገና ጀመርኩ፣ ጋሼ ያሉኝን እያስታወስኩ። የክንዷ መዞሪያ ላይ ግን ወፈር ያለ ግሪስ ነው ያደረግኩት የስቴኪኒ ጫፍ ታክል፣ ምክንያቱም እሷ እንደሌሎቹ በቀስታ የምትዞር አይደለችም፣ በኃይል ነው የምትወረወረው።

ባላንሱን መልሼ ስገጥም ገና ብሎኑን ሳላጠብቅ መወዛወዝ ጀመረ። በትንፋሼ ብቻ። እሁድ ዕለት ሁለቴ ተወዛውዞ የቆመው ያ ባላንስ።

እሁድ ኅዳር 14

የምላሷ ብየዳ። እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩበት። ፋብሪካው የሚጠቀመው ቶሎ የሚቀልጥ ለስላሳ ሊድ ነው፣ ዋናው ቁም ነገሩ ቶሎ መቅለጡ ነውና። እኔ ያለኝ ሬዲዮ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ተራው 60/40 (60 እጅ ቆርቆሮ፣ 40 እጅ እርሳስ) ነው፣ እሱ ከ183 ዲግሪ በላይ ነው የሚቀልጠው። ስለዚህ ምላሷ ከእንግዲህ እንደ ድሮው ቶሎ አትፈናጠርም፣ ኮይሉ ከሷ በፊት ሊጎዳ ይችላል። ይሄን ለማካካስ ከውጭ ሽቦው ላይ ለሰዓቱ ብቻ የሚሆን ትንሽ ፊውዝ ለመጨመር ወሰንኩ። ኮይሉ 4 ኦም ከሆነ በ12 ቮልት 3 አምፔር ገደማ ይወስዳል፣ 1 አምፔር ሆኖ ቀስ ብሎ የሚቃጠለው ዓይነት ፊውዝ ቅጽበታዊዋን "ጠቅ" ያሳልፋል፣ ተነካክቶ ከቀረ ግን ይበጠሳል ብዬ ነው።

ብየዳው ራሱ አጭር ነው ግን ሦስት እጅ ይፈልጋል። ምላሷን ሊዱ እስኪቀዘቅዝ ተጭኖ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፣ ካልተያዘች ትነሳለች። አባዬን ጠራሁት። 78 ዓመቱ ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ስቴኪኒዋን ይዞ ሲጫን ግን ዝም አለ እጁ። "አንቺ ቶሎ በይ እንጂ እኔ ይዣለሁ" አለኝ። የድሮውን ሊድ ጠርጌ፣ በጣም ትንሽ አዲስ አስነክቼ፣ ሁለት ሰከንድ፣ አይረኑን አነሳሁ፣ "አሁን አትልቀቅ አባዬ"፣ እስከ 20 ቆጠርን፣ ለቀቀ። ያዘች።

ኮይሉ ላይ ደሞ አንድ ዳዮድ (ኤሌትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ጨመርኩ፣ 1ኤን4007፣ ጭረት ያለበት ጫፉ ወደ ፖዘቲቩ። ኮንታክቱ ሲለያይ ኮይሉ መልሶ የሚተፋው ኤሌትሪክ ነው ብልጭታውን የሚያመጣው፣ ዳዮዱ ያንን ይውጠዋል፣ ኮንታክቱ ዕድሜ ያገኛል። መኪናዋ ኔጌቲቩ ቦዲ ላይ ስለሆነ ነው ይሄ አቅጣጫ፣ በተቃራኒው ከተገጠመ ቀጥታ ሾርት ነው።

መሞከሪያ ባትሪ ከተበላሸ ዩፒኤስ ያወጣሁት ባለ 12 ቮልት አለኝ፣ ቻርጅ አድርጌው 12.7 ላይ ነበር። ኔጌቲቩን የሰዓቱ ቆርቆሮ ላይ አሰርኩ። ፖዘቲቩን ስነካ በጣም ጥብቅ አድርጌ አንዴ ነው የነካሁት፣ ምክንያቱም ሞላው ላልቶ ያለቀ ሰዓት ኮንታክቱ ተነካክቶ ነው የሚጠብቀው፣ እየነካኩ እየለቀቁ ማንቀጥቀጥ ለሱ ጥሩ አይደለም።

ጠቅ!

ከዛ ቲክ ቲክ ቲክ። ሁለታችንም አልተናገርንም። ስልኬ ላይ ሰዓት መቁጠሪያ ከፍቼ ጠበቅን፣ 2 ደቂቃ ከምናምን ሲሆን እንደገና፣ ጠቅ! አባዬ "እሷ ናት" አለ። እናቴን ከኩሽና ጠርቶ አመጣትና ሦስታችንም ቆመን ሌላ ሁለት ደቂቃ ጠበቅን።

ሮብ ኅዳር 17

ሰዓቱ ከእሁድ ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ እየሠራ ነው፣ ማታ ማታ ስተኛ እሰማዋለሁ።

ዛሬ ፊውዙን ፈተንኩት። ክንዷን በስቴኪኒ ይዤ እንዳትወረወር ከለከልኳትና ቆጠርኩ፣ ስድስት ላይ ፊውዙ ተበጠሰ። ኮይሉን በጣቴ ስነካው ለብ እንኳን አላለም። በዚህ በጣም ረክቻለሁ፣ ከዚህ በኋላ ቢበላሽ የሚበላሸው የ10 ደቂቃ ሥራ የሆነ ፊውዝ ነው እንጂ ሰዓቱን ማውጣት መክፈት መበየድ አይደለም። ሌላ ሁለት መለዋወጫ ፊውዝ በትንሽ ፌስታል አድርጌ የመኪናዋ ኪስ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

አካሄዱ፦ በ24 ሰዓት 7 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ግን ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነው፣ መኪና ውስጥ ቆሞ ነው የሚኖረው፣ ባላንስ ደሞ ሲተኛና ሲቆም አካሄዱ ይለያያል። ስለዚህ አሁን አልነካውም፣ ዛሬ ማታ መጽሐፍ ደግፌ አቁሜዋለሁ።

ቅዳሜ ኅዳር 20

ቆሞ በቀን 4 ደቂቃ ይቀራል። ከጀርባ + እና − የተጻፈባት ማስተካከያ አለች፣ ወደ + በጣም ትንሽ ገፋኋት። ከዛ ፊቱን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አጸዳሁ (ቁጥሮቹ የታተሙ ናቸው፣ አልኮል ከነካቸው ሊለቁ ይችላሉ)፣ ቆጣሪዎቹን ሁለቱንም 12 ላይ አድርጌ ቀጥ ብዬ ተጫንኩ፣ አንድ ዙር በእጄ አዙሬ እርስ በርስ እንደማይነካኩ አየሁ።

መልሶ መግጠሙ ከማውጣቱ ይከብዳል፣ የኪሎሜትሩ ገመድ አልገባም ብሎ ሩብ ሰዓት አስለፋኝ። የዘይት ቱቦውን ካሰርኩ በኋላ ሞተሩን አስነስቼ እንደማያፈስ በባትሪ መብራት አየሁ። አምፖሏንም ቀይሬያታለሁ። የመኪናዋን ባትሪ ከመንካቴ በፊት ሌሊቱን ሙሉ ቻርጀር ላይ አሳድሬዋለሁ፣ 12.7፣ ሞተሩ ሲነሳ 14 ይደርሳል።

ሰዓቱን የሞላው አባዬ ነው። እኔ ስልኬን አይቼ 10 ሰዓት ከ10 ስለው እሱ የእጅ ሰዓቱን አየና 10 ከ12 አደረገው።

አባዬን አንድ ነገር አስረድቼዋለሁ፣ ለናንተም ልድገመው፣ እንዲህ ዓይነት ሰዓት ያለው መኪና ያላችሁ ካላችሁ። መኪናው ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆም ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱት። ኤሌትሪክ ድንገት ሲቋረጥ ሰዓቱ ምንም አይሆንም፣ ሞላው ያልቅና ይቆማል በቃ። የሚገድለው ባትሪው ቀስ እያለ ሲሞት ነው፣ ያቺ ክንዷን መወርወር የሚያቅተው ቀን። መልሳችሁ ስታስሩም ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ አጥብቃችሁ አንዴ ንኩት።

ቅዳሜ ኅዳር 27

ዛሬ ጠዋት ጋሼ ጋ መኪናዋን ይዘን ሄድን፣ አባዬ እየነዳ። ከሱቃቸው ወጥተው በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው ሞተሩን አጥፋው አሉት አባዬን። ጠፋ። ጆሯቸውን አዘንብለው ጠበቁ፣ ጠቅ አለ። "ዘይት አላበዛሽበትም" አሉኝ፣ ከዛ እሳቸውና አባዬ ስለ ድሮ ፒያሳ ማውራት ጀመሩ፣ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው።

በሰባት ቀን 5 ደቂቃ ቀድሟል። ማስተካከያዋ ከጀርባ ስለሆነች እሷን ለመንካት እንደገና ማውጣት ሊኖርብኝ ነው፣ አባዬ ግን ተዪው ብሏል። መኪናዋን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በየጠዋቱ እየወረደ ያስነሳታል፣ እግረ መንገዱንም ሰዓቱን ከእጅ ሰዓቱ ጋር ያስተያያል።